የጋሽ ሐዱሽ ትራኖና

ጋሽ ሐዱሽ በሕይወታቸው የመሩት አንድ ኮሚቴ ብቻ ነው። ኮሚቴው ሲቋቋም ስለምን እንደሆነ ከእሳቸው፣ ከባለቤታቸውና ከእኔ በቀር በቀበሌው ውስጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እኔም ያወቅሁት ብልህ ስለሆንኩ አይደለም። የቀበሌው ታይፒስት ስለነበርኩ፣ ስሙን ደብዳቤ ላይ ከመምታቴ በፊት ቤታቸው ሄጄ «ምን ማለት ነው?» ብዬ ስለጠየቅሁ ነው። በዚያ ዘመን የሚጠይቅ ሰው ብርቅ ነበር።

ዘመኑ ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው። ያን ዓመት ከውጭ አገር ሁለት ነገር በገፍ ይገባ ነበር፤ የእርዳታ እህልና አዲስ ቃል። እህሉ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል አልፎ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ቃሉ ደግሞ በካድሬዎች አፍ በኩል ይገባና እኛው ዘንድ ይቀራል። አዲስ ቃል ያልመጣበት ውይይት አላስታውስም። ትርጉሙን የጠየቀ ሰው ንቃቱ ዝቅተኛ ነው ይባላል፤ ንቃቱ ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ደግሞ ተጨማሪ ውይይት ይታዘዝለታል። ስለዚህ ቃሉ ሲመጣ ሁላችንም ድሮ እንደምናውቀው ዘመድ ፈገግ ብለን እንቀበለውና ራሳችንን እንነቀንቃለን። ራስ በመነቅነቅ በኩል ቀበሌያችን የሚታማ አልነበረም።

ጋሽ ሐዱሽ የተምቤን ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ መጥተው አውሮፕላን ልደታ ሜዳ ላይ ያርፍ በነበረበት ጊዜ ተሸካሚ ሆነው ተቀጠሩ። ማረፊያው ወደ ቦሌ ሲዛወር እሳቸውም አብረው ተዛወሩ፤ እኔ ሳውቃቸው የጭነት ሠራተኞቹ አለቃ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀኝ ትከሻቸው በጆንያ ብዛት ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። የእርዳታው ጊዜ ሲመጣ ጎህ ሳይቀድ ሥራ መግባት ጀመሩ፤ ለምሳ ግን ሥራ ጨርሰው ቤታቸው ናቸው። ጉዳቸው የፈላው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰው ሁሉ ቢሮና ፋብሪካ በገባበት ሰዓት በቀበሌያችን ውስጥ ጤነኛ ሆኖ ቤቱ የሚገኝ ወንድ እሳቸው ብቻ ሆኑ ማለት ይቻላል። ቦይ ሲቆፈር ጋሽ ሐዱሽ ይጠራሉ። ችግኝ ሲተከል ጋሽ ሐዱሽ ይጠራሉ። ጎረቤት ቀበሌ ለሰልፍ ሰው ሲጎድለው እንደ ድስት ይዋሳቸው ነበር። አንድ ጊዜማ የወጣቶች ማኅበር ስብሰባ ምልዓተ ጉባኤው አልሞላ ብሎ፣ ከነሽበታቸው ወጣት ሆነው ተቀምጠው ውለዋል። ድምፅ ሲሰጥም እጃቸውን አወጡ። ስለምን እንደሆነ በኋላ ስጠይቃቸው «የወጣቶች ጉዳይ ነው» አሉኝ።

እሳቸው ከዚህ ዓለም የሚፈልጉት ያንኑ ከምሳ በኋላ ያለውን ጊዜ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ትበርህ ዓይናቸው እየጠፋ ነበር። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም እስከ ክረምት ከቆየ ጥሩ ነው ብሎ ቁርጡን ነግሯቸዋል። ጠዋት ጠዋት ፀሐይዋ ትወጋቸዋለች። ሲመሽ ደግሞ አምፖል ሥር ተቀምጠው እንኳ ሰውን ከወንበር አይለዩም። ደህና የሚያዩት ከምሳ በኋላ ፀሐይዋ ለዘብ ካለችበት ጊዜ ጀምሮ እስኪጨልም ነው። ጋሽ ሐዱሽም ሚስታቸውን ክንዳቸውን ይዘው ከማረፊያው አጥር ማዶ ወዳለው ሜዳ መውሰድ፣ የቀረውን ብርሃን አብረዋቸው መጨረስ ፈለጉ። ሌላ ምኞት አልነበራቸውም።

ዛሬ ሰሚት ብለን ኮንዶሚኒየም እስከደረደርንበት ድረስ ያ ሁሉ ያኔ የጤፍና የስንዴ ማሳ ነበር። እዚያ ሲቀመጡ የሚነሳው አውሮፕላን ሁሉ ይታያል። እትዬ ትበርህ ታናሽ እህታቸው ተምቤን ናት፤ ወሬዋ ከጠፋ ቆይቷል። አውሮፕላን ተነስቶ አፍንጫውን ወደ ሰሜን ሲያዞር «ያንተ ነው?» ይላሉ። ጋሽ ሐዱሽ ጠዋት የጫኑት ይሁን አይሁን «የኔ ነው» ይላሉ። «እንግዲህ ይድረስላት» ይሉና እስኪጠፋ ድረስ በዓይናቸው ይሸኙታል። ቀበሌው ግን ለዚህ የሚሆን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ አይተውላቸውም ነበር።

ዶናል የመጣው በዚህ መካከል ነው። ጢሙ ቀይ የሆነ አየርላንዳዊ ነው፤ ከእርዳታ ሰዎቹ ጋር መጥቶ ማረፊያው ውስጥ እህል ይቆጣጠራል። የአገሩን ቋንቋ የሚያወራው ከራሱ ጋር ብቻ ነበር፤ ቦሌ ውስጥ ሌላ ማን ይስማው። አንድ ቀን ጋሽ ሐዱሽ በዚያች በተሸካሚ እንግሊዝኛቸው ቀጣዩ አውሮፕላን መቼ እንደሚገባ ቢጠይቁት፣ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበርና «ትራኖና» አላቸው። ከዚያ ሳቀና አስረዳቸው። ከቀትር በኋላ እስኪጨልም ያለው ጊዜ በሙሉ በእሱ አገር ቋንቋ አንድ ስም ነው ያለው። ከሰዓት በኋላ፣ አመሻሽ፣ ምሽት ብሎ መቆራረጥ የለም፤ ሁሉም ትራኖና ነው። ቃሉም የጥንት መነኮሳት በዘጠነኛው ሰዓት ያደርሱት ከነበረው ጸሎት የመጣ ነው አላቸው።

ጋሽ ሐዱሽ «መቼ ነው እሱ?» አሉት። ዶናል የእጅ ሰዓቱን እያሽከረከረ አሳያቸው። በእኛው አቆጣጠር ልክ ዘጠኝ ሰዓት፣ በዐቢይ ጾም ቅዳሴ ወጥቶ ሰው እህል የሚቀምስበት ሰዓት ሆኖ ተገኘ።

ቤታቸው ሲገቡ «ፈረንጅም ድሮ ሰዓት መቁጠር ያውቅ ነበር» አሉ ለሚስታቸው። «በኋላ ነው የጠፋበት።»

ቃሉን ሌላው ሰው ለሚስቱ ብርቱካን ይዞ እንደሚገባ ይዘውላቸው ገቡ። እትዬ ትበርህም ወደዱት። ደህና የሚያዩበት ጊዜ የራሱ ስም በማግኘቱ ደስ አላቸው መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት «ነጠላሽን ልበሺ፣ ትራኖና ደርሷል» ይባል ጀመር። ነጠላው ይለበሳል፤ ወዲያው በሩ ይንኳኳል፤ የቀበሌው ጥበቃ ነው።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ አምዴ ይባላሉ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም አምደሚካኤል ነበር፤ አብዮቱ ሲፈነዳ ሚካኤልን አሰናብተው አምዴን አስቀሩ። ክፉ ሰው ነበሩ ብዬ አላማቸውም። የሚፈሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የማያውቁት ነገር እንዳለ ሰው እንዳያውቅባቸው።

አንድ ቀን ጋሽ ሐዱሽን አስጠሯቸው። እኔ ታይፕ ላይ ነበርኩ።

«ጓድ ሐዱሽ፣ የአዳራሹ አጥር ወድቋል። ከዛሬ ጀምሮ ከምሳ በኋላ ይገኛሉ አይደል?»

ጋሽ ሐዱሽ ደክሟቸዋል። ልብሳቸው ላይ የዱቄት አቧራ አለ። ተንኮል አስበው አልነበረም፤ ፊታቸውን እያየሁ ነበርና እመሰክራለሁ። ሰው ለቅሶ አለብኝ እንደሚለው አድርገው፦

«ዛሬስ አልችልም ጓድ። ትራኖና አለብኝ» አሉ።

እጄ ታይፑ ላይ ቀረ። ጓድ አምዴ ጥበቃውን አዩት፤ ጥበቃው ጫማውን አየ። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ጢማም ሰዎች በተራ አዩአቸው። ከእነሱም መልስ አልተገኘም።

«እ... ትራኖና!» አሉ በመጨረሻ። «ማረፊያው ውስጥም ተጀመረ?»

«በየቀኑ ነው» አሉ ጋሽ ሐዱሽ።

«በየቀኑ! መልካም ነው፣ መጠናከር አለበት። ታዲያ አስቀድመው ቢያስታውቁን ምን ነበረበት? አጥሩማ በሌላ ሰው ይታጠራል።»

ጋሽ ሐዱሽ ምን እንደተፈጠረ የገባቸው ደጅ ከወጡ በኋላ ነው። ቆመው ወደ ቢሮው ዞረው አዩ፤ ከዚያ ፈጠን ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ያን ቀንና ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ባልና ሚስቱ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወደ ሜዳው ሲወርዱ በመስኮት አያቸው ነበር። እትዬ ትበርህ እየሄዱ ያዩትን ሁሉ ይጠራሉ፤ ክምር፣ በሬ፣ ቀይ ቀሚስ የለበሰች ልጅ። ምን አገኙ ብላችሁ ነው እንጂ፣ እንደዚያ ደስ ያላቸው ሰዎች በዚያ ዘመን አላየሁም።

ደስታ ሰው አፍ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። መጀመሪያ የመጣው ኤርሳዶ የሚባል አናጢ ጎረቤታችን ነው። ኤርሳዶ ጴንጤ ነበር። ጸሎት ቤታቸው ታሽጓል፤ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ከተገኘ እንኳ ያስጠይቀው ነበር። ጋሽ ሐዱሽን መንገድ ላይ ጠብቆ «ጋሽዬ፣ ያ የያዙት ነገር ለእኔም ይሆናል?» አላቸው። ነገሩ ምን እንደሆነ አልጠየቀም። ከአጥር ሥራ የሚያድን መሆኑ በቂው ነበር። ከኤርሳዶ በኋላ ባለሱቁ በሩን ዘግቶ «ለትራኖና ወጥቻለሁ» የሚል ካርቶን ሰቀለ። ሴቶቹም ጀመሩ። አጥሩ እንደወደቀ ቀረ።

አጥሩን ከቀበሌያችን በላይ ካለው ከከፍተኛው የመጣ ካድሬ አየው። ወጣት ነው፣ ቆፍጣና፣ ደረት ኪሱ ውስጥ ሁለት እስክሪብቶ ይሰካል።

«ይህ ሁሉ ጊዜ አጥር የሚያጥር ሰው ጠፋ?» አለ።

«ሰዎቻችን ትራኖና ላይ ናቸው፣ ጓድ» አሉ ጓድ አምዴ፤ ላብ ሲያጠምቃቸው ይታየኛል።

አሁን ደግሞ ዝምታው ረዘም አለ፤ የካድሬው ማዕረግ ከፍ ያለ ነዋ። ከሁለቱ አንዱን እስክሪብቶ አውጥቶ ጫፉን ነከሰ።

«እናንተ ጀምራችኋል ማለት ነው?» አለ። «ሌሎቹ ቀበሌዎች እኮ ገና ናቸው።»

ከዚያ ብዙ ሳይቆይ መመሪያ ወረደ። ቀበሌያችን የትራኖና ኮሚቴ አቋቁሞ፣ ኮሚቴው በየቀኑ ከምሳ በኋላ እስኪመሽ በአዳራሹ እየተሰበሰበ፣ ውጤቱን ለበላይ አካል እንዲያሳውቅ ይላል። በደብዳቤው ግልባጭ ላይ ስሙን መምታት ስለነበረብኝ ነው ያኔ እትዬ ትበርህ ዘንድ ሄጄ የጠየቅሁት። ነገሩኝና አብረን ሳቅን፤ እሳቸው ቀድመው ማልቀስ ጀመሩ።

ጋሽ ሐዱሽ በጭብጨባ ሊቀመንበር ሆነው ተመረጡ። ሲጨበጨብ ፊታቸውን አየሁት፤ የገዛ ለቅሷቸው ላይ የተገኙ ይመስሉ ነበር። በማግሥቱ ከምሳ በኋላ አዳራሽ ገቡ። በነጋታውም፣ ከዚያም ወዲያ። በክፍት በሩ በኩል ፀሐይዋ ስትለዝብ፣ ሜዳው ቢጫ ሲሆን፣ ከዚያ ሲጠቁር እያዩ ስለ ትራኖና አፈጻጸም ውይይት ይመራሉ። ሰዎች እጅ እያወጡ ትራኖና ከታች ወደ ላይ ይሁን ከላይ ወደ ታች ይከራከራሉ። አንዱማ ትራኖናን የሚያደናቅፉ አሻጥረኞች አሉ ብሎ ስም መጥራት ሊጀምር ነበር። እትዬ ትበርህ ነጠላቸውን ለብሰው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። እኔ በዚያ ሳልፍ መጀመሪያ በመልኬ ይለዩኝ ነበር፤ ቆይተው በአረማመዴ፤ ቆይተው «ማነው?» ማለት ጀመሩ። አናደደኝ። ይኸው ዛሬም ያናድደኛል።

ጋሽ ሐዱሽንም አንድ ቀን አንገፈገፋቸው። ጓድ አምዴ ራሳቸው በተገኙበት ስብሰባ ላይ ተነሱ።

«ጓዶች፣ እውነቱን ልንገራችሁና የመጣው ይምጣ። ትራኖና የፈረንጅ ቃል ነው። ከምሳ በኋላ እስኪመሽ ያለው ጊዜ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ባለቤቴ ዓይኗ እየጠፋ ነው። በዚያ ጊዜ ትንሽ ታያለች። ይዣት ሜዳ እወርድ ነበር፤ ትራኖና አለብኝ ያልኩትም እሱን ነው። አሁን ልቀቁኝና ልሂድ።»

 እኔ በልቤ አለቀላቸው አልኩ፤ በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር የገባ ሰው ሳይወጣ ይቀር ነበር። ግን ይህ እውነት ከሆነ የሚያልቅላቸው ጋሽ ሐዱሽ ብቻ አልነበሩም። ራሱን የነቀነቀው ሁሉ፣ ያጨበጨበው ሁሉ፣ ለከፍተኛው ሪፖርት የፈረሙት ጓድ አምዴ፣ ሁለት እስክሪብቶ ያለው ካድሬም አብረው ያልቃሉ።

ጓድ አምዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጓድ ሐዱሽ ጉዳዩን ሰፊው ሕዝብ በሚገባው መንገድ አቅልለው በማቅረባቸው ይመሰገናሉ» አሉ። «ይሁን እንጂ ትራኖናን ወደ ተራ ሰዓት ዝቅ ማድረግ የአድርባይነት አዝማሚያ አለበት። ሂስ ይሰነዘርበት።»

ተሰነዘረበት። ኤርሳዶ ብቻ እጁን አላወጣም። ጋሽ ሐዱሽ አጎንብሰው አዳመጡ፤ እኔም የተሸነፉ መስሎኝ ነበር። መጨረሻ ላይ ቀና ሲሉ ግን ፊታቸው ተለውጧል፤ ያን ሁሉ ወር አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው የተማሩት ነገር ነበር ለካ።

«ሂሱን ተቀብያለሁ» አሉ። «ስሕተቴ ከየት እንደመጣም ገብቶኛል። ትራኖና ጣራ ሥር ተቀምጦ አይጠናም። ከአርሶ አደሩ መካከል፣ ማሳው ላይ ነው የሚጠናው። የሴቶችም ተሳትፎ ጎድሎናል። ከሴቶች አንድ ሰው ይመረጥልን፤ ከነገ ጀምሮ ሜዳ እንውጣ።»

«እደግፋለሁ!» አለ ኤርሳዶ፣ ወንበሩ እስኪወድቅ ተነስቶ።

ጓድ አምዴ ለመከልከል ትራኖና ማሳ ላይ የማይጠና መሆኑን ማወቅ ነበረባቸው። ስለዚህ ፈቀዱ። ደብዳቤውን መታሁ፣ ማኅተም ተደረገበት። ሜዳ የምንወጣው አራት ሆንን፤ ሊቀመንበር ጋሽ ሐዱሽ፣ አባል ኤርሳዶ፣ የሴቶች ተወካይ እትዬ ትበርህ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ ገንዘቤ።

ከማረፊያው አጥር አጠገብ መሣሪያ የያዘ ወታደር አስቆመን። ደብዳቤውን አገላብጦ አነበበ።

«ትራኖና ናችሁ?»

«ነን» አሉ ጋሽ ሐዱሽ።

«በርቱ» ብሎ አሳለፈን።

እንዲህ ሆነና የትራኖና ኮሚቴ በየቀኑ ሜዳ ላይ ተሰበሰበ። ኤርሳዶ ከመጋዙና ከሜትሩ ሥር ደብቆ የሚይዛትን መጽሐፍ ቅዱስ አውጥቶ ከገለባው ክምር ጀርባ ይሄዳል። እኔ እንቅልፍ ካልወሰደኝ «ውይይቱ ሞቅ ያለ ነበር» ብዬ እጽፋለሁ። ከፍተኛው በሥራችን ተደስቶ ለሌሎች ቀበሌዎች አርአያ አደረገን። ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አዳራሹ የበላባቸው ቀን ግን አልተመለሰም። እትዬ ትበርህ ከክምሩ ጫፉን፣ ከበሬው ቀንዱን፣ ከአውሮፕላኑ ብልጭታውን ብቻ ነበር የሚያዩት። ያችንኑም እንደ ሙሉ አድርገው ያወሩልን ነበር።

ግንቦት ገብቶ አንድ ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ። አንድ ትልቅ አውሮፕላን ጭኖ ተነሳ፣ በላያችን አለፈ፣ ወደ ሰሜን ታጠፈ።

«ያንተ ነው?» አሉ እትዬ ትበርህ።

«የኔ ነው።»

ፊታቸውን ወደ ሰማይ አዞሩ። ያዞሩት ግን አውሮፕላኑ ወዳለበት አልነበረም፤ ድምፁ ወደቀረበት ነበር። ጋሽ ሐዱሽ አዩ። እኔም አየሁ። አውሮፕላኑ እንጦጦን ሲሻገር እትዬ ትበርህ ገና ባዶውን ሰማይ ይሸኙ ነበር።

«ሐዱሸይ» አሉ ቆየት ብለው። «ዛሬ ትራኖናው ቶሎ አለቀ እንዴ? ጨልሟል።»

ፀሐይዋ ገና ከፍ ብላ ነበር። ሜዳው ሁሉ እንደበራ ነው። ኤርሳዶ ከክምሩ ጀርባ ብቅ ብሎ ደንግጦ ቆመ። ጋሽ ሐዱሽ ፀሐይዋን አዩ፣ እኔን አዩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆመው እውነቱን የተናገሩ ሰው አሁን አቃታቸው።

«አዎ» አሉ። «መሽቷል።»

«እንግዲያው እንሂዳ።»

«ትንሽ እንቀመጥ ትበርህ። አየሩ ጥሩ ነው።»

ያሉት ነገር እውነት እስኪሆን ድረስ ሊጠብቁ ፈልገው እንደሆነ ገባኝ። እኔና ኤርሳዶም ሳንነጋገር አብረናቸው ተቀመጥን። ፀሐይዋ እትዬ ትበርህ ጉልበት ላይ፣ እጃቸው ላይ አርፋለች፤ ትሞቃለች። እሳቸው እጃቸውን በቀስታ ገለበጡና መዳፋቸውን ለሙቀቱ ሰጥተው ረዘም ላለ ጊዜ ያዙት። ከዚያ ጨበጡት፣ በሌላው እጃቸው የባላቸውን ክንድ ፈልገው ያዙ። እሳቸውም እንደ ቀበሌያችን ሰው ሁሉ ምንም አልጠየቁም።